ከመርከቡ የማትወርደዋ አያት

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የካ

ሰፈሩ ገና አልነቃም። ከባሕር ዛፉ በኩል የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ልጄ ዮናስ መኪናውን በር ላይ አስነስቶ ዕቃ ይጭናል። ሚስቱ ራሔል ሁለት ዓመት የሞላውን ናሆምን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አቅፋዋለች። የአምስት ዓመቷ ሃሴት በእንቅልፍ ልቧ ቀሚሴን ጨብጣ ቆማለች። እኔ አዲሱን ሸራ ጫማዬን አድርጌ ከሁሉም ቀድሜ ወጥቻለሁ።

ጉዞው ሩቅ አይደለም፣ እንጦጦ ነው። ምክንያቱ ግን ሩቅ ነው። ክረምቱ ሲወጣ በሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች መካከል በሚዞር የሽርሽር መርከብ እንሳፈራለን። መርከቡ በየደሴቱ የሚቆመው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ወርደን የምንውለውን ውሎ አስቀድመን እንለማመደው አለ ዮናስ። ልጆቹ ምን ያህል እንደሚችሉ፣ ምን እንደምንይዝ፣ ማን ምን እንደሚሠራ እንዲታይ ነው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ፕሮጀክት ይመራልና ቤተሰቡንም እንደዚያው ያየዋል። «ፓይለት ነው እማዬ፣ ሙከራ ማለት ነው» አለኝ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ዛንዚባርን፣ ሲሸልስን፣ ማዳጋስካርን ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ እየጠቆምኩ ስንቱን ተማሪ አሳልፌአለሁ። የባሕር ውሃ ግን በእግሬ ነክቼ አላውቅም። ዮናስ የመርከቡን ነገር የነገረኝ የእድር ጓደኞቼ ቤቴ ተሰብስበው ሳለ ነበር። «የጡረታሽ ስጦታ ነው» አለ በሁሉም ፊት። አልቅሼ መረቅሁት። ይህን ያዙልኝ፣ ስጦታ ነው ያለው እሱ ነው።

ሾላ ገበያ

ሾላ ስንደርስ ታክሲዎቹ መንገዱን ዘግተውታል። የቃሪያ ጆንያ የተሸከመ ሰው በመኪናችንና በአንድ ሚኒባስ መሃል ተጣብቆ ይሳደባል። በርበሬው ከመስኮት ውጭ ሆኖም ያስነጥሳል። ብርቱካን፣ ሙዝና ቆሎ እንግዛ ተባለ። ብርቱካኑን ከሁላቸውም ይልቅ እኔ መምረጥ አውቃለሁ፤ የበሩን እጀታ ያዝሁ።

«አይ፣ አንቺ ተቀመጪ እማዬ» አለ ዮናስ፤ «ልጆቹ ያለቅሳሉ።»

ተቀመጥሁ። ሁለቱ ወርደው እየተሳሳቁ በሕዝቡ መሃል ጠፉ። ናሆም ወዲያው ነቅቶ ማልቀስ ጀመረ። ሃሴት ሽንቷ መጣ። ከኋላችን ያለው ሹፌር መንገድ ልቀቁልኝ እያለ ጥሩንባውን አያባራም፤ እኔ መንዳት አልችል፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ «ባለቤቶቹ አሁን ይመጣሉ» እለዋለሁ። ባለቤቶቹ የመጡት እኔ በላብ ከታጠብሁ በኋላ ነው። ብርቱካኑ ግማሹ የተመታ ነበር። ዋጋውን ስጠይቅ ራሔል ነገረችኝ፤ ባልጠየቅሁ ይሻለኝ ነበር።

ሽቅብ

በፈረንሳይ በኩል እንወጣለን። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ናሆምም በየመታጠፊያው እላዬ ላይ ይወድቃል። ዱሮ ተማሪ ይዤ በእግር የምወጣበት ጥርጊያ አሁን በሽቦ ታጥሯል፤ ከሽቦው ኋላ አስፋልት የለበሰ የመኪና ማቆሚያ አለ። ጫካ ለማየት የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መኪና ነው። ይህንንም ተናገርሁ። «እማዬ ዛሬ አታማርሪ» አለ ዮናስ፣ በመስታወት እያየኝ።

ከላይ ሲታይ ግን ከተማው ያምራል። ጭጋጉ ገና ሳይገፈፍ የአያት ሰፈር ኮንዶሚኒየሞች ከሩቅ ጫፋቸው ብቻ ይታያል።

እንጦጦ፣ ቁርስ

ሣሩ ላይ ሸራ አነጠፍን። የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ከፔርሙዝ የሚቀዳ ሻይ። በገመድ ተንጠልጥለው ሸለቆ የሚያቋርጡ ወጣቶች ከበላያችን ይጮኻሉ። ፈረስ የሚያስጋልቡ ሰዎች «ለልጆቹ» እያሉ ይዞራሉ። ሃሴት ዓይኗ ከፈረሶቹ አልነቀል አለ።

ዮናስ እጁን ጠራርጎ እቅዱን ያስረዳ ጀመር። የመጀመሪያው ደሴት ላይ እሱና ራሔል ጠልቀው ዓሣ ያያሉ። ሁለተኛው ላይ በፈጣን ጀልባ ትልልቅ ኤሊዎች ወዳሉበት ደሴት ይሻገራሉ። ሦስተኛው ላይ ተራራ ይወጣሉ። ሁሉም ለቤተሰብ የሚመች ሆኖ የተመረጠ ነው አለ።

«እኔስ?» አልኩት።

«አንቺማ መርከቡ ላይ ነሽ። ገንዳ አለ፣ ምግቡ እንደ ልብ ነው፣ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። ልጆቹም ከሰዓት ይተኛሉ፣ አያስቸግሩሽም።»

«የመጀመሪያውን ቀን?»

«እ... በቆምንባቸው ቀናት።»

«በሁሉም?»

ፔርሙዙን አንስቶ ሻይ ይቀዳ ጀመር። ራሔልን አየኋት፤ ስልኳን ትነካካለች።

«ዮናስ፣ መርከቡ ላይ ልጆች የሚጠብቅ ሰው የለም?»

«የልጆች ክፍልማ አለ። ግን እማዬ፣ ካንቺ በላይ ማንን አምናለሁ?»

እዚህ ላይ ንዴቱ ከየት እንደተነሳብኝ ልንገራችሁ። ልጆቹን መጠበቅ ከብዶኝ አይደለም፤ ሁለቱንም ከአራስነታቸው ጀምሮ ይዣቸዋለሁ። ያናደደኝ «አምናለሁ» የምትለዋ ቃል ናት። ሞግዚት ሁኚ ቢለኝ እሺ ወይም እምቢ እላለሁ። ስጦታ ብሎ፣ አስመርቆ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በእንጨት ስጠቁመው የኖርኩትን ደሴት ከመርከብ መስኮት ላይ ሆኜ እንዳየው ሊወስደኝ ነው። እኔ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ።

ይህን ሁሉ አልተናገርሁም። የእንቁላሉን ቅርፊት መሰብሰብ ጀመርሁ። ዮናስ ዝምታዬን እሺታ አድርጎ ወሰደው።

«በይ፣ አሁን ሙከራውን እንጀምር» ብሎ ተነሣ። «እኛ ገመዱ ላይ ወጥተን እንመጣለን። አንቺ ከልጆቹ ጋር መኪና ውስጥ ሁኚ፣ ነፋሱ እንዳይመታችሁ።»

መኪና ማቆሚያው

አስፋልቱ ላይ ፀሐይ ወጥታለች። መስኮቱን ብዘጋ ሙቀት፣ ብከፍት አቧራ። ናሆም ዳይፐሩን አርጥቦ ያለቅሳል። ሃሴት አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ፈረሶቹን ታያለች።

«እማማ፣ እኛ ለምን አንወርድም?» አለችኝ።

ለዚህች ልጅ «አባትሽ እዚህ ሁኑ ስላለ ነው» ልላት አልፈለግሁም። ናሆምን ቀየርሁ፣ በነጠላዬ አዘልሁት፣ ሃሴትን በእጄ ይዤ ወረድሁ።

ገመዱ ዘንድ ረጅም ሰልፍ አለ። ዮናስና ራሔል የራስ ቆብ አጥልቀው፣ ወገባቸው በቀበቶ ታስሮ ከፊት ቆመዋል። ተራቸው እየተጠራ ነው። ዮናስ ሲያየኝ ደነገጠ።

«ምን ሆነ እማዬ?»

«ምንም አልሆነም» አልኩት። ናሆምን ከጀርባዬ ፈትቼ እቅፉ ውስጥ አስቀመጥሁት። የሃሴትን እጅ ራሔል እጅ ላይ አደረግሁ። «ልጆቻችሁ ናቸው። በልተዋል፣ የናሆምም ዳይፐር ተቀይሯል። እኔ ቤቴ እሄዳለሁ።»

«አሁን? እዚህ መሃል?»

«ሙከራ ነው አላልክም? እኔ ሳልኖር እንዴት እንደሚሆን ሞክሩት።»

ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ያየናል። ዮናስ ፊቱ ቀላ። «እማዬ፣ ሰው እያየን ነው» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እድርተኞቼም እያዩ ነበር ያስመረቅከኝ» ብዬው ዞርሁ።

ቁልቁል

እጄን የያዘ ልጅ ሳይኖር ከሄድሁ ስንት ጊዜዬ ነው? ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብቼ ትንሽ አለቀስሁ፣ ፊቴን ጠርጌ ወደ መንገዱ ወጣሁ።

የታክሲ ሹፌሩ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። ከፊት አስቀመጠኝ።

«ብቻዎን ነው እንዴ የወጡት ማዘር?»

«ከልጆቼ ጋር ነው የወጣሁት።»

«ታዲያ የታሉ?»

«እየተዝናኑ ነው።»

በጎን አየኝና ሌላ አልጠየቀም። ሬዲዮውን ግን ቀነሰልኝ።

ሁለት ታክሲ ቀይሬ፣ መገናኛ ላይ ተጋፍቼ፣ ቤቴ ገባሁ። ሸራ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ውሃ ውስጥ ነከርሁ። ስልኬ ደጋግሞ ጠራ፤ አላነሣሁትም። ንዴቴ በርዶ ጸጸት ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልመጣም።

ማምሻው ላይ፣ የካ

ፀሐይ ሳትጠልቅ መጡ። ናሆም የዮናስ ትከሻ ላይ አስመልሶበታል፤ ሃሴት ፀጉሯ ሁሉ ሣር ነው፣ ፈረስ ላይ ወጣሁ እያለች ትዘላለች። ዮናስ ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ቀኑን አበላሸሽው እማዬ። እንዲህ ከሆነ መርከቡን እንሰርዘዋለን።»

«አትሰርዝም» አልኩት። «እኔ እሄዳለሁ። በየደሴቱም እወርዳለሁ። ልጆች መጠበቅ ካለ በተራ ነው፣ የእኔም ተራ ይኖራል። አንድ ተራ።»

«እኛኮ እንዲደላሽ ብለን ነው።»

ይህን ጊዜ ራሔል ጣልቃ ገባች። ይህች ልጅ በፊቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

«አይደለም ዮናስ» አለችው። «እንዲደላን ብለን ነው። እኔም አውቄ ዝም ብያለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እማዬ።»

ዮናስ ተቀመጠ። ናሆም ያስመለሰበትን ትከሻውን በመሐረብ ይጠርግ ጀመር። ይቅርታ አልጠየቀም፤ አባቱም እንዲሁ ነበር፣ ጥፋቱ ሲገባው ዝም ይላል። እኔም አላባበልኩትም። ራሔል ሻይ አፈላች፣ እቅዱንም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርነው። ጠልቆ ዓሣ ማየቱ እንዳለ ሆነ፤ ያን ቀን ልጆቹን እኔ ዳርቻው ላይ እይዛለሁ። ተራራው ተሰረዘ። በምትኩ ኮራል የሚባለው የባሕር ውስጥ ድንጋይ ማዕበሉን የሚገታበት፣ ውሃው ለናሆም እንኳ የማያስፈራ ጸጥ ያለ ዳርቻ እንዲፈለግ ነገርኳቸው፤ እነዚያ ደሴቶች እንዲህ ያለ ቦታ ሞልቷቸዋል። ኤሊዎቹ ጋ ሁላችንም እንሄዳለን፣ በፈጣኑ ሳይሆን በቀርፋፋ ጀልባ።

በመጨረሻ ዮናስ ቀና ብሎ ማንም እስከዛሬ ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ።

«እሺ፣ አንቺ ራስሽ እዚያ ምን ማድረግ ነው የምትፈልጊው?»

«ባሕሩ ውስጥ መቆም» አልኩት። «እስከ ጉልበቴ።»

«ይኼ ብቻ?»

«ይኼ ብቻ። ግን ማንንም ሳላዝል።»