ዳርቱ እና የክሊኒኩ ሰርቨር

ዳርቱ ሰቦቃ ጉርድ ሾላ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ብቸኛዋ። ባለፈው ክረምት እናቷ ወይዘሮ የሺመቤት ታመው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ገብተው ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት ምግብና ደረቅ ልብስ አድርሳላቸው ጭቃውን እየረገጠች ትወርድ ነበር። ሥራ ገበታዋ ላይ የምትቀመጠው ደክሟት ነበር።

የሕመምተኞች መረጃ በሙሉ የሚቀመጠው ካርድ ክፍል ባለ አንድ ተራ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ሐኪሞቹም፣ ላብራቶሪውም፣ ፋርማሲውም ከእሱ ነው የሚጠይቁት። ወረፋ ሲበዛ ስታክ አድርጎ ይቆማል፤ ዳርቱ አጥፍታ ታስነሳዋለች። ለብዙ ሰው አብሮ የሚሠራ ኮምፒውተር፣ ሰርቨር ይገዛ ብላ ባለቤቱን ዶክተር ገብረማርያምን ደጋግማ ለምናቸዋለች። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ልጃቸው ጌም የሚጫወትበትን ኮምፒውተር ፍጥነት አይተው፣ የኮምፒውተር አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ከዚያ የተሻለ አለ ቢሏቸው አያምኑም።

ነሐሴ ላይ ነርሷ ማስተዋል ለአንድ ሕፃን መድኃኒት ልትለካ ኮምፒውተሩን ስታይ ክብደቱ ሃያ ስድስት ኪሎ ይላል። ጠዋት ራሷ መዝና ያስገባችው አሥር ነበር። መርፌውን አስቀምጣ ዳርቱን ጠራቻት። ዳርቱ ኮምፒውተሩን ስትፈትሸው ሲሠራ ቁጥሮቹን የሚይዝበት ሜሞሪ ተበላሽቷል፤ ቁጥር እያዛባ ለማንም ሳይናገር ይሠራ ነበር። 

ዶክተሩ ዘንድ ገብታ ሳትቀመጥ ነገረቻቸው።

«የጠረጴዛው ፕሮሰሰር የሚሠራው ለአንድ ሰው ነው፤ አንዱን ሥራ ቶሎ ጨርሶ ያርፋል። የሰርቨሩ እያንዳንዱን ሥራ ሲሠራ ምናልባት ይዘገያል፤ ግን ኮሩ፣ ማለት የሚያሰላው ክፍሉ፣ ብዙ ስለሆነ የብዙ ሰው ጥያቄ አብሮ ይይዛል፤ ሌት ተቀን እንዲሠራም ነው የታሰበው። ሜሞሪው ላይ ቁጥር ሲዛባ ደግሞ ያርማል፤ ካልቻለም ይናገራል። የኛው ዝም ነው ያለው፣ ዶክተር።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ሕፃኑ እንዴት እንደሆነ ጠየቁ። ደህና ነው አለቻቸው። «ነግረሽኝ ነበር» አሉ በዝግታ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ አቅሙን ግን አላገኘችውም።

ሰርቨሩ መስከረም ላይ ገባ። ማራገቢያው ስለሚጮህ የድሮው ዕቃ ቤት አስገቡት። የካርድ ክፍሏ ሩታ ያው ነው፣ ምንም አልፈጠነም ብላ አጉረመረመች። ዳርቱ ለማስረዳት ጀምራ ተወችው። ከሰዓት ወረፋው በሩ ድረስ ሞልቶ ማሽኑ ሳይቆም ዋለ፤ ማንም ግን ልብ አላለውም። እናቷም ትንሽ ተሽሏቸው የካ ሚካኤል ወዳለው ቤታቸው ወረዱ።

ኅዳር ላይ ሰርቨሩ አንድ የሜሞሪ ስህተት ማረሙን አሳወቀ። ዳርቱ ማስተዋልን ጠርታ አሳየቻት።

«የማን ካርድ ላይ ነበር?» አለች ማስተዋል።

«አይታወቅም። ታርሟል፣ በቃ።»

ማስተዋል እስክሪኑን ትንሽ አይታ ወደ ሕመምተኞቿ ተመለሰች። ማታ ሁለቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ ተገናኙ፤ ስለ ሥራ ሳያነሱ ተራቸውን ጠበቁ።