የሚጥለኝ በሽታ እና የወጣቶቹ ክፍል

ከአንደኛ ክፍል ያባረሩኝ የሚጥል በሽታ ስላለብኝ ነው። ሌላ ጥፋት አልነበረኝም። ዳባት አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት፣ ገና «ሀ ሁ»ን ሳንጨርስ፣ ከወንበር ወደቅሁና አረፋ ደፈቅሁ። ልጆቹ በመስኮት ዘለው ሸሹ። በማግሥቱ ወላጆች ተሰብስበው «ለልጆቻችን ያጋባብናል» አሉ። ርዕሰ መምህሩም አባቴን «ሲሻለው ያምጡት» አላቸው።

ከዚያ በኋላ ተሻለው ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ጠበል ወሰዱኝ፤ ጠበሉን አልነቅፍም። መጠጫዬ ግን ለብቻ ሆነ። በወደቅሁ ቁጥር ክብሪት ጭረው አፍንጫዬ ሥር ይይዙብኛል፤ ጢሱ ያነቃዋል ይላሉ። ከንፈሬ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ደግነታቸው ነው።

ጎርምሼ ደባርቅ መናኸሪያ ሸክም ስሸከም፣ ሻይ ቤት በር ላይ ወደቅሁና እጄ ከከሰል ምድጃው ገባ። ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ካርድ ክፍሉ ፊት ካለው አግዳሚ ላይ የሰፈራችን ሴትዮ ተቀምጣለች። እሷ ካየችኝ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ዳባት ይገባል። ጥግ ላይ ለብቻው በር ያለው ክፍል አየሁ። የተጻፈውን ማንበብ አልችልም፤ ደጁ ላይ ግን ሽማግሌም አሮጊትም የለም። ሄጄ ተቀመጥሁ። ለካ ወጣቶች ለብቻቸው የሚመከሩበትና የሚታከሙበት ክፍል ነው።

አንዱ ጎረምሳ በሩ አጠገብ ያለውን ሣጥን እያሳየ «ወንድሜ፣ ኮንዶም ከሆነ ከዚያ ውሰድ፤ ወረፋ የለውም» አለኝ።

«ለእጄ ነው የመጣሁ።»

«ለእጁ ነው አለ!»

አብረውን የተቀመጡት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሣቁ። እኔም ሳልወድ ሣቅሁ።

ነርሷ አስገብታ እጄን አጠበችልኝ። «እንዴት ተቃጠልህ?» አለች። ወደ በሩ ዞሬ አየሁ። ተነሥታ በሩን ዘጋችው። «እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል። ለዚያ ነው ይህ ክፍል ለብቻው የተሠራ።» ነገርኋት። ወንበሯን አላሸሸችም። እስከዚያ ቀን ይህን ነገር ሰምቶ ያልሸሸኝ ከእናቴ በቀር አላውቅም።

«ክኒን አለው፤ እዚሁ» አለችኝ።

«እዚሁ ከነበረ እስካሁን የት ነበራችሁ?»

«እኛማ እዚሁ ነበርን። አንተን የላከ ጠፋ እንጂ።»

ክኒኑን ይዤ ቤት ገባሁ። እናቴ ክኒኑ ጠበሉን ያረክሰዋል ብላ ፈርታ ነበር፤ የንስሐ አባታችን «በጠበሉ ይዋጠው» ብለው ገላገሉን። ጨርሶ ተወኝ ብዬ አልዋሽም፤ ግን ወራት ሳልወድቅ አልፌያለሁ።

ክኒኑን በሰጠችኝ ዕለት ነርሷ የምውጥበትን ሰዓት እሽጉ ላይ ጽፋልኝ ነበር። ማንበብ አልችልም አልኋት።

«ታዲያ ለምን አትማርም?»

«አሁንማ ጢም አወጣሁ።»

«ጢም አይከለክልም። እዚህ ጀርባችን የጎልማሶች ትምህርት አለ።»

ሄድሁ። ከተማሪዎቹ አንዱ የመናኸሪያ ዘበኛ ነው፤ ገና ሲያየኝ «ይሄ የሚወድቀው አይደል?» አለ። ልጅ ያቀፈች ጉልት ሻጭ ተነሥታ ራቀች። መምህሩ «ለጊዜው ቆይ» አለኝ። «ለጊዜው»ን እኔ አውቃታለሁ፤ ዕድሜዬን የበላችው እሷ ናት። ቀጥ ብዬ ነርሷ ዘንድ ሄድሁና ክኒኑን ጠረጴዛዋ ላይ ጣልሁት። «እንኪ፣ ሲስተር። ሰው ካልሆንሁ ምን ያደርግልኛል?»

ክኒኑን ኪሴ መልሳ ከተተችው፤ ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ይዛኝ ሄደች። ክፍሉ ፊት ቆማ በሽታው እንደማይጋባ ነገረቻቸው።

ጉልት ሻጯ «ሲስተርዬ፣ ምራቁስ? እኔ የማጠባ ነኝ» አለች።

«የእሱም እናት አጥብታዋለች። ሲጥለውም ስታቅፈው ኖራለች። እሷን ጥሏት ያውቃል?»

ሴትዮዋ አሰበች። «እንግዲያ ይቀመጥ» አለች። «ከእኔ አጠገብ ግን አይሆንም፤ ዓይኑ ሲታይ ይኮርጃል።»

ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። መምህሩም መዝገቡን ከፈተ።

እኔ ቂመኛ ነኝ። ርዕሰ መምህሩን ይቅር አላልሁም፤ ወደፊትም አልልም። ለዚያች ነርስ ግን ምስጋናዬን በቃል ብቻ መተው ስላነሰብኝ፣ በገዛ እጄ ይህን ጻፍሁ። ተማሪ ተብዬ የተቀመጥሁት በኅዳር ሚካኤል ማግሥት፣ ኅዳር ዐሥራ ሦስት ቀን ነው።