በቀስታ የሚዘጋ በር

ወርቅአገኘሁ ከደብረ ብርሃን አንኮበር ሚኒባስ በነዳበት ዘመን ከተሳፋሪ ጋር የሚጣላበት ጉዳይ አንድ ብቻ ነበር፤ በር። በሂሳብ አይጨቃጨቅም፣ በዕቃ ጭነት አይከራከርም። ወርዶ በሩን ድርግም ያደረገበት ሰው ግን አያመልጠውም። አንገቱን በመስኮት ያወጣና፣ "የቤትህ በር መሰለህ?" ይለዋል። ሽማግሌ አይል፣ ቄስ አይል፣ አራስ አይል፣ ሁሉንም እኩል ነበር የሚቆጣው። ከጊዜ በኋላ የመስመሩ ሰው ተማረ። ከእሱ መኪና የወረደ ሁሉ በሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ የሚፈራ ይመስል፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ነበር የሚዘጋው።

የቤት በር ከተነሳ አይቀር የእሱም ይነገር። ወርቅአገኘሁ ማታ ሲገባ የቆርቆሮውን በር በእግሩ ወደ ኋላ ይልከዋል። በሩ ጓ ይላል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሠርጋቸው ፎቶ ይዘማል፣ ሚስቱ ሥርጉት ተነስታ ታቃናዋለች። "እንደምን አመሸሽ" ማለቱ መሆኑ ነው። ሥርጉትም እንደዚያው ለምዳው ኖራለች።

ዘንድሮ ሚኒባሱን ሸጠና ደብል ጋቢና ፒካፕ ገዛ። ቁልፏ ኪስ ውስጥ እንዳለ የምትነሳ፣ እንደ ቴሌቪዥን ያለ ስክሪን የተገጠመላት፣ ኮምፒውተሯ ለራሷ የሚያስብላት ዘመናዊ መኪና ናት። የመቀመጫዎቹን የፋብሪካ ላስቲክ ማንም እንዲያነሳ አልፈቀደም። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ እንዳይጎዳት፣ ሥርጉት ለልጃቸው ለቃለ አብ ሠርግ ብላ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠችውን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ አውጥቶ ማታ ማታ ጋቢናውን ሙሉ ያለብሳት ጀመር። ሥርጉት ክረምቱን በሙሉ ስትስል ያ ብርድ ልብስ ከሳጥኑ አልወጣም ነበር። ኮምፒውተር ያለው ነገር ብርድ አይችልም አላት።

ማታ አቁሟት ሲወርድ በሯን በመዳፉ ገፋ ያደርጋል፤ ድምፅ አያሰማም። ከዚያ ሪሞቱን ይጫናል፣ መኪናዋም ጢጥ ጢጥ ጢጥ ትላለች። የሌላ ሰው መኪና ሲቆለፍ ብልጭ ብሎ ዝም ነው የሚለው። የእሱ ግን ሰላምታ ትሰጠዋለች። "እደሪ እንግዲህ" ይላታል፤ ብርድ ልብሷን አስተካክሎ ይገባና የቤቱን በር ጓ ያደርገዋል።

ወር ሳይሞላት ጠዋት ጠዋት አልነሳም አለች። ሲነካት ስክሪኗ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ባትሪዋ አድሮ ባዶ ይሆናል። ወርቅአገኘሁ መጀመሪያ የባትሪውን ጥራት ጠረጠረና አዲስ አስገባ፤ እሱም እንደዚያው ሆነ። ቀጥሎ ጎረቤቱን እትዬ ጌጤን ጠረጠረ። እትዬ ጌጤ መኪናዋን ባዩ ቀን "ስታምር" ብለው፣ ከዓይን ያውጣት ሳይሉ አልፈዋል። ስለዚህ ጸበል አስመጥቶ ኮፈኗን ከፍቶ ረጫት። ጸበሉ በእትዬ ጌጤ ላይ ያደረገው ነገር የለም፤ የባትሪውን ራስ ግን አዛገው። እትዬ ጌጤም ነገሩን ሰምተው ሰላምታ አቋረጡት።

በመጨረሻ ታምራት ወደሚባል መካኒክ ወሰዳት። ታምራት መኪናዋ ስትቆም ኮምፒውተሯም መተኛት እንዳለበት፣ አንድ ነገር እንቅልፍ ከነሳው ግን ባትሪውን ሲጠጣ እንደሚያድር አስረዳውና መለኪያውን ገጥሞ ጋራዡ ውስጥ አሳደራት። እዚያ የሚሠሩት ልጆች እየገቡ እየወጡ በሯን ጓ ጓ ሲያደርጉባት ወርቅአገኘሁ ማየት አልቻለም፤ ጆሮውን ይዞ ሄደ። በነጋታው መኪናዋ በአንድ ንክኪ ተነሳች። ታምራት ምንም ጉድለት አላገኘባትም። ማታ ማታ በሮቿ በደንብ ይዘጉ እንደሆነ ብቻ በትህትና ጠየቀው። ወርቅአገኘሁ ተናደደ። በር መዝጋትን ለአንድ አገር ሰው ያስተማረን ሰው እንዲህ አይጠይቁትም። ጋራዡ ውስጥ ስትቆለፍ ሰላምታ አለማለቷን ሲሰማ ደግሞ ከባዕድ ሰው ጋር ማኩረፏ ነው ብሎ ተደሰተባት።

ነገሩ እስከዚህ ድረስ ቢያስቅም፣ የቃለ አብ ጉዳይ ግን አያስቅም ነበር። ቃለ አብ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሚሠራ ዝምተኛ ልጅ ነው፤ የአንኮበሩን የመሪጌታ ዘርአ ዳዊትን ልጅ ሠናይትን ይወዳታል። ሽማግሌ ተመረጠ፣ ቀን ተቆረጠ። ሥርጉት ሽማግሌዎቹ በኪራይ ሚኒባስ ቢሄዱ ይሻላል ብትል ወርቅአገኘሁ አልሰማም አለ። አንኮበሮች የሚያውቁት ባለ ሚኒባሱ እየተባለ ነው፤ ለልጁ ሚስት ሲጠይቅ ባለ ፒካፑ መባል አማረው። እሁድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ነጫቸውን ለብሰው ላስቲኩ ላይ ተቀመጡ፤ መኪናዋ አልተነሳችም። እንደ ሚኒባሱ እንዳይገፏት ይህች የምትገፋ አይደለችም። ከሌላ መኪና ባትሪ በገመድ አገናኝተው እስኪያስነሷትና አንኮበር እስኪደርሱ ቀትር ሆነ።

መሪጌታ ዘመዶቻቸውን ሰብስበው ከቅዳሴ ጀምሮ ሲጠብቁ ነበር የዋሉት። አላስቀመጧቸውም። ለሚቀጥለው እሁድ ቀጠሩና፣ ያን ቀንም ከዘገያችሁ ልጄን እንዳልፈለጋችኋት እቆጥረዋለሁ ብለው መለሷቸው። ቃለ አብ ይህን ሰማ። ሳምንቱን ሙሉ እናቱ ያቀረበችለትን ምግብ እየነካካ ነበር የሚመልሰው፤ ሥርጉትም ሰሃኑን እንደሞላ ታነሳ ነበር። አሁንም በሚኒባስ ይሂዱ አለች። ወርቅአገኘሁ አሁንም አይሆንም አለ፤ አሁንማ ጭራሽ የክብር ጉዳይ ሆኗል።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ የሥርጉት አጎት አቶ ኪዳነወልድ ከሰላ ድንጋይ መጡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እሳቸው ናቸው፤ እነ ሥርጉት ቤት አድረው ጠዋት ሊሄዱ ነው። ሥርጉት መኝታቸውን ስታነጥፍ የሚለብሱት አጣች። ወርቅአገኘሁ ለእንግዳው ስለ መኪናዋ ስክሪን ሲያስረዳ ትታው ወደ ግቢ ወጣች፤ የልጇን የሠርግ ብርድ ልብስ በሁለት እጇ ይዛ ከመኪናዋ ላይ ሳበችው።

ጋቢናው ውስጥ መብራት በርቷል።

ሌባ የገባ መስሏት ደነገጠች። በመስኮቱ ስታይ ሰው የለም፤ ከጣሪያው ያለችው መብራት ብቻዋን ላስቲኩ ላይ ታበራለች። ዞር ብላ የሾፌሩን በር አየችው። ከሌሎቹ በሮች የጣት ውፍረት ያህል ወጣ ብሏል። በሩ ተገፋ እንጂ አልተዘጋም። ሥርጉት በየማታው የሚዘምባትን ፎቶ፣ ሳሏን፣ የልጇን ሰሃን አሰበች። ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ባላት ጉልበት ወረወረችው። ግቢው ተናወጠ፤ የእትዬ ጌጤ ውሻ ጮኸ። መብራቷ ጠፋች።

ወርቅአገኘሁ በባዶ እግሩ ሮጦ ወጣ። ሰበርሽብኝ አላት።  ሥርጉት በሩን እንደገና ከፍታ እሱ እንደሚያደርገው በመዳፏ ገፋ አደረገችው፤ መብራቷ በራች። ከፍታ ወረወረችው፤ ጠፋች። ሪሞቱን ከእጁ ወስዳ ተጫነች። መኪናዋ ብልጭ ብላ ዝም አለች።

"ሰላም አላለችም" አለ ወርቅአገኘሁ።

"ሰላም ስትልህ አይደለም የከረመችው፤ በሩ አልተዘጋም እያለችህ ነው" አለችው። ብርድ ልብሱን አጣጥፋ አቀፈችና መንገድ ከጀመረች በኋላ ቆመች። "ለዚህ ብረት እንዲህ የሳሳህ ሰው፣ የእኔን ቤት በር አንድ ቀን እንኳ በእጅህ ዘግተህ ታውቃለህ?"

 ወርቅአገኘሁ ብርድ ልብስ ያልለበሰችው መኪና አጠገብ፣ እግሩ እስኪደነዝዝ ቆመ። አፈረ፤ ከሁሉም በላይ ያሳፈረው እውነት መሆኑ ነው።

እሁድ ጠዋት መስታወቷ ላይ አመዳይ እንደተጋገረ መኪናዋ በአንድ ንክኪ ተነሳች። የልጁ አባት ከሽማግሌ ጋር ቆሞ አይጠይቅምና ወርቅአገኘሁ አንኮበር ሲደርሱ ከመሪጌታ አጥር ውጭ መሪውን ይዞ ቀረ፤ ያን ሁሉ ደክሞ አሁንም ሾፌር ነው። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል አቶ ኪዳነወልድ ፊታቸው በርቶ ወጡ፤ ሠናይት ተፈቅዳለች። መሪጌታም አብረው ወጡና እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሸኙኝ ብለው ጋቢና ገቡ።

ሲወርዱ በሩን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው በሚኒባሱ ዘመን ከእሱ እንደተማሩት በቀስታ ገፉት። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ምልክት በራ። ወርቅአገኘሁ አንገቱን በመስኮት ሲያወጣ መሪጌታ ገና ሳይናገር ደንገጥ አሉ።

"አባቴ፣ በደንብ አልተዘጋም። ጠንከር ያድርጉት።"

መሪጌታ እሱንም በሩንም አዩ። "ያኔ ሰው ፊት ያዋረድከኝ ጠንከር አድርገህ ዘጋህ ብለህ ነው" አሉት።

"አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ" አለ። መሪጌታ በሩን ከፍተው ወረወሩት። ከሚገባው በላይ ነበር የወረወሩት፤ ወርቅአገኘሁ ዓይኑን ጨፍኖ ቻለው።

ማታ ቤቱ ሲደርስ ከመኪናዋ ወርዶ በሩን ያዘ። እጁ እምቢ አለው። ሥርጉትን ጠራት፤ ወጥታ አንድ ጊዜ ጓ አደረገችለት። ቃለ አብ ከውስጥ ይስቅ ነበር። ተከታትለው ገቡ። ከኋላ የቀረው ወርቅአገኘሁ ዘወር አለና የቆርቆሮውን በር በሁለት እጁ ይዞ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ በቀስታ ገፋው።

ፎቶው አልዘመመም። ራት ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ከእግራቸው ሥር እየገባ ሲለበልባቸው፣ ሥርጉት በሩ በደንብ እንዳልተዘጋ አወቀች። ነጠላዋን ወደ አንገቷ ሰበሰበችና በሩን እንደተገፋ ትታው ጎረሰች።