ማንም ስላልሞተ ሊዘጋ የነበረው ቁጥር

የእድራችን ስልክ ቁልፍ ያለው ትንሽ ስልክ ነው፤ የጀርባው ክዳን በላስቲክ ታስሮ ነው የሚውለው። የእድሩ ጸሐፊ እኔ ስለሆንኩ እኔው ቤት ይቀመጣል። ካዛንቺስ ሳለን ጡሩንባ ነፊ ነበረን። ሰፈሩ ሲፈርስ ግን እሱም እኛም በየአቅጣጫው ተበተንን፤ አብዛኛው ሰው ገላን ገባ፣ ጥቂቱ ቂርቆስ ዘመድ ዘንድ ተጠጋ፣ እኔ ላንቻ ቤት ተከራየሁ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል ኖረናል፤ የቅርቡ ጎረቤት ሲርቅ ምን እንደሚደረግ ግን የነገረን የለም። የቀረን ይህ ቁጥር ብቻ ነው። ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል።

ደንቡ ቀላል ነው። ሰው ሲሞት ካርድ እሞላና ለአባላቱ በየተራ እደውላለሁ። ሁለቴ ሲጠራ አቋርጣለሁ። ማንም አያነሳም፣ መልሶም አይደውልም፤ መስመር ይይዛላ! ጥሪውን ያየ ለሚያውቀው ነግሮ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ኡራኤል አካባቢ ድንኳናችን ወደሚቀመጥበት መጋዘን ይመጣል። የሞተውን እዚያ ይሰማል።

አንድ ቀን ጠዋት ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ስከፍተው መልእክት ገባ። ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ ጥቅም ላይ ስላልዋለ ከነገ ጀምሮ ይዘጋል ይላል። በመጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ መጨረሻ ካርድ የሞላሁት መቼ እንደሆነ ማሰብ ጀመርኩ። ሰባት ወር! ሰባት ወር ሙሉ ማንም አልሞተብንም! ብቻዬን ቤት ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ደስታው አልቆየም። ቁጥሩ ከተዘጋ ለሌላ ሰው ይሰጣል። የታዩኝ እማማ ነበሩ። ካዛንቺስ ግድግዳ ለግድግዳ አብረውን የኖሩ አሮጊት ናቸው፣ ልጅ የላቸውም፣ አሁን ገላን አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ናቸው። «እኔን የምትቀብረኝ ይህች ቁጥር ናት» ይሉኛል ሁልጊዜ። አንድ ነገር ቢሆኑ ያገኛቸው ሰው ወደዚህ ቁጥር ይደውላል፣ የማያውቀን ሰው አንስቶ «ተሳስተዋል» ብሎ ይዘጋበታል። ይህን ሳስብ ጫማዬን በወጉ ሳላደርግ፣ የራሴን ስልክ አልጋ ላይ ጥዬ፣ የእድሩን ይዤ ወደ ሱቅ በረርኩ።

ካርዱን ሞላሁ። ባለሱቋ ወጣት ናት፤ መልእክቱን አንብባ ራሷን ነቀነቀች።

«መሙላት ብቻማ አይበቃም፣ ማለቴ፣ መጠቀም አለብሽ። በቃ አንድ ሰው ጋ ደውዪ። ደሞ ሚስኮል እንዳይሆን፣ ይነሳ።»

ይህ ምን ችግር አለው? መጀመሪያ ያገኘሁትን ስም ተጫንኩ፤ እማማ። አንዴ ጠራ። ሁለቴ ጠራ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ለካ ከዚህ ስልክ ለሰው መደወል መርዶ ነው! አሮጊቷን በድንጋጤ ልገድላቸው ነው ብዬ ፈጥኜ አቋረጥኩት። ልክ በሁለተኛው ጥሪ ላይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

መልሼ ደወልኩ፣ ተይዟል። ደገምኩ፣ ተይዟል። እማማ ለሰው መንገር ጀምረዋል ማለት ነው። የቀረኝ መጋዘኑ በር ላይ ደርሼ ሰውን መመለስ ነበር። ሰልፉ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሜ ታክሲ ይዤ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ ወደ ኡራኤል። መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲው አልንቀሳቀስ ሲል «ወራጅ አለ!» ብዬ ወርጄ ሮጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። አፍሬያለሁ፣ ፈርቻለሁ፣ ሳቄም ይመጣል፤ ሁሉም ባንዴ።

ስደርስ የእድሩ ዳኛ ድንኳኑን እያስወጡ ነው። ከሃያ የማያንስ ሰው ቆሟል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

«ማንም አልሞተም!» አልኩ ትንፋሼ እየተቆራረጠ።

ማን ይመነኝ? መርዶ እንዲህ እየተሸፋፈነ እንደሚነገር ሁሉም ያውቃል። ዳኛው ጠጋ ብለው ትከሻዬን ያዙኝ።

«ቀስ ብለሽ ንገሪን ልጄ። ሰው ነን፣ እንችለዋለን።»

«ኧረ ጋሼ፣ እውነቴን ነው! ቁጥሩ እንዳይዘጋ ብዬ ነው የደወልኩት!»

እየማልኩ ሳለ ሁሉም ዞር ዞር እያሉ የጎደለውን ሰው መፈለግ ጀመሩ። ከካዛንቺስ ጀምሮ ከእማማ ጋር ጨውና በርበሬ ስትዋዋስ የኖረች ሙስሊም ጎረቤታችን ድንገት ደረቷን ያዘች።

«እማማስ? እማማ የታሉ? ወላሂ እሳቸው ናቸው!» ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ሌሎቹም ተከተሉ። ወደ እማማ ነው የደወልኩት፣ ደህና ናቸው ብዬ ብጮህ ድምፄ ተዋጠ።

በዚህ መሃል ከታክሲ መቆሚያው በኩል ከዘራቸውን እየተመረኮዙ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እያለቀሱ እማማ ብቅ አሉ።

«ማነው? ማንን ነው ያጣነው?»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ከዚያ አንዷ እልል አለች፣ ሌላዋ ተቀበለች፣ ያቺ ጎረቤታችን እየሮጠች ሄዳ እማማ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ወንዶቹ ድንኳኑን መሬት ጥለው ተቃቀፉ። ሰው እየመጣ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ እኔን ይሰድባል፣ ቀጥሎ ይስማል። ከሰባት ወር ወዲህ እንዲህ ባንድ ላይ ቆመን አናውቅም ነበር። አለቀስኩ፤ በደስታ።

ዳኛው ግን ዳኛ ናቸው።

«ለባለሱቋ አትደውዪላትም ነበር?» አሉኝ። «ለመሆኑ ቁጥሩ ዳነ?»

አልዳነም። እስካሁን አንድም ሰው አላነሳም። ማን ያነሳል ብዬ ብጠይቅ ሁሉም ዓይኑን ሰበረ። ከእድር ስልክ የመጣ ጥሪ በጆሮው እንዲገባ የሚፈልግ የለም። እማማ ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈቱ።

«ለእኔ ደውዪ። እኔ ከእንግዲህ ምን እፈራለሁ?»

አምስት እርምጃ ያህል ራቅ ብለው ጀርባቸውን ሰጡን። ደወልኩ። አንዴ ጠራ። ሁለቴ ጠራ። ሦስተኛው ጥሪ ሲመጣ አንዳንዶች አማተቡ፤ ከዚህ ቁጥር ሦስተኛ ጥሪ ሰምተን አናውቅማ።

«አቤት» አሉ እማማ። «ማን ሞተ?»

«ማንም፣ እማማ።»

«እና ለምን ደወልሽ?»

«እንዴት ዋሉ ልልዎት ነው» አልኩ።

ዞር ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ፣ አልዞሩም። ፊት ለፊት ቢሆን የማይነግሩኝን በስልኩ ነገሩኝ።

«ደህና ነኝ ልጄ። እዚያ ፎቅ ላይ በሬን የሚያንኳኳ የለም እንጂ። ዛሬ ይህ ስልክ ሲጮህ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ደስ አለኝ። ሰው ሞቷል፣ እኔ ግን ሰው ላገኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ።»

ዳኛው ፊቴን አይተው ስልኩን ከእጄ ወሰዱና «እማማ፣ እንዴት ነዎት?» አሉ። ከእሳቸው ያቺ ጎረቤታችን ነጠቀቻቸው። ከኋላዋ ሰው ተሰለፈ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ለቆሙት እማማ በስልክ ሰላም ሊል። ካርዱ አምስተኛው ሰው ላይ አለቀ። ሌላ ልገዛ ወደ ሱቅ ሮጥኩ።