ከእኔ በኋላ የመጣው ተጫዋች

ሰበታ ውስጥ ቅርጫት ኳስ የሚወድ ሰው ሁሉ እኔን ያውቀኝ ነበር። ጉራ ይመስላል፤ ጉራም ቢሆን እውነት ነው። ተማሪ ሳለሁ ለትምህርት ቤታችን ቡድን አምስት ዓመት ተሰልፌያለሁ፤ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ከተቀጠርኩ በኋላም ለከተማው ተጫውቻለሁ። የእኛ ጊዜ አወራወር በሁለት እጅ ነበር። እግርን አጥብቆ መትከል፣ ኳሷን ደረት ላይ መያዝ፣ ጉልበትን ሰበር አድርጎ ወደ ላይ መልቀቅ። ሜዳችን አፈር፣ ሰሌዳችን የባሕር ዛፍ ጣውላ ነው። ቀለበቱን አንድ ቀጥቃጭ ከበርሜል ጠርዝ ስለሠራው ኳስ ሲነካው ይጮሃል። የእኔ ኳስ ግን ብዙ ጊዜ ቀለበቱን ሳያስጮህ ነበር የሚገባው።

ሠላሳ ዓመት ሲሞላኝ ጉልበቴን አመመኝና መጫወት ተውኩ። ከሜዳው መራቅ ስላልሆነልኝ ዳኛ ሆንኩ። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ቡድኖች እሑድ እሑድ ሲገናኙ ፊሽካ የምነፋው እኔ ነበርኩ። የሰበታ ሰው ሆኖ የሰበታን ጨዋታ እንዴት ይዳኛል የሚል አልነበረም፤ ሕጉን አንብቦ የጨረሰ ሌላ ሰው አልነበረማ።

ከሕጉ በላይ የሚፈራው ግን የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ቃል ነበር። እኒህ ሰው እዚያው ሰበታ ዙሪያ ተወልደው ያደጉ ገበሬ ናቸው፤ ሁላችንም በኦሮምኛ አክብረን «ኦቦ» እያልን ነው የምንጠራቸው። ጓሯቸው ድንች ውስጥ የወደቀ ኳስ ለመመለስ ካልሆነ ኳስ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ነገር ግን የመጀመሪያው ቀለበት ከተሰቀለበት ቀን ጀምሮ አንድ ጨዋታ አላመለጣቸውም፤ ማን ስንት እንዳስቆጠረ፣ ማን በየትኛው ክረምት እንደወደቀ ከእሳቸው ይጠየቃል። አሥር ዓመት ሙሉ የእኔ ስም ሲነሳ፣ «እንደሱ ያለ እኔ አላየሁም» ይሉ ነበር። ያ ቃል ከደሞዜ ይልቅ ያኖረኝ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ አጋማሽ ቡራዩ ትምህርት ቤት አዲስ መምህር ተመደበ። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ገና የወጣ። የቡራዩን ቡድን ይዞ ወደ እኛ የመጣ እሑድ ኳሷን ተቀበለ፣ ሁለት ጊዜ አነጠራት፣ ከዚያ ዘለለ። አየር ላይ ሳለ በአንድ እጁ ለቀቃት። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ስለማላውቅ ፊሽካውን አፌ ውስጥ ከትቼ «ይኼ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» እያልኩ ሳስብ ኳሷ ገባች። ዘወር ስል ዘበኛው ከበርጩማቸው ተነስተው ቆመዋል። እሳቸው ለእኔ ቆመው አያውቁም።

ጨዋታው እንዳለቀ ምንም እንዳልመሰለኝ ሆኜ አጠገባቸው ሄድኩ።

«ኦቦ፣ እንዴት አዩት መምህሩን?»

«ይበራል» አሉ።

«እኔስ?»

«አንተ ተክለህ ነበር የምትወረውረው።» እንደ ገበሬ ነው የተናገሩት፤ መትከል ለእሳቸው ክፉ ነገር አይደለም። «እሱ ግን ይበራል፣ ልጄ። ዱጋ ነው።» ዱጋ፣ እውነት ማለታቸው ነው። እውነት መሆኑ ነበር ያቃጠለኝ።

ማታ ራት ላይ ባለቤቴም ስለሱ አነሳች። እሷን ያገኘኋት ሜዳ ዳር ነው፤ ከጓደኞቿ ጋር አጥር ተደግፋ ስትመለከተኝ ነበር የለመድኳት።

«የቡራዩው መምህር ሲያምር!» አለች።

«አወራወሩ ነው ወይስ ሰውየው?»

«ሁለቱም» ብላ ሳቀች። እኔ ጠግቤያለሁ አልኩ። ያን ቀን ምሳም አልበላሁም ነበር።

ከዚያ ወዲያ በከተማው ሌላ ወሬ ጠፋ። ማዘጋጃ ቤት ፋይል ሊያወጣ የመጣ ባለጉዳይ ሳይቀር «ለመሆኑ አንተ ነህ ወይስ እሱ ነው የሚበልጠው?» ይለኛል። ለትሕትና ፈገግ እልና ክርክሬን እጀምራለሁ። የእኛ ኳስ በጠፍር የተሰፋ ነበር፤ ዝናብ ሲጠጣ ድንጋይ ነው፤ ያንን ይዞ ይዝለልና እንየው። የእኛ ጊዜ ተከላካይ ሰው ይጥል ነበር፤ የዛሬዎቹ ይተቃቀፋሉ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ እኔ መቼ ካድኩ፣ ግን በእኛ ዘመን ቢሆን ኖሮ... እያልኩ። ሰሚዎቼ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እሑድ ሲደርስ ግን እሱን ለማየት ተጋፍተው ይመጣሉ።

ሲብስብኝ የሚያግዘኝ ሰው ፈለግሁ። ከእኔ በፊት የሰበታ ኮከብ የነበረ አንድ ሰው ነበር፤ ኳሷን ከጉልበቱ ሥር አንስቶ የሚወረውር፣ ከሁላችንም የቀደመ። እሱን ያስረሳሁት እኔ ነኝ። አሁን ወፍጮ ቤት ከፍቶ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ለብሶ ይኖራል። አሥር ዓመት ሙሉ እህል ሳስፈጭ ስለ ኳስ አንድ ቃል አንስቼለት አላውቅም። ያን ቀን ሞተሩ እየጮኸ ጆሮው ሥር ሄጄ፣ «እኛ የድሮዎቹ እኮ ተረሳን!» አልኩት።

«ማን?»

«እኛ! አንተና እኔ!»

ሳቁን መግታት አቃተው። «አንተ ስትመጣ እኔ ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ?» እያለ ሞተሩን ሊያጠፋ እጁን ዘረጋ። «እግሩን ስበርልኝ ብዬ...» ሲል ሞተሩ ጸጥ አለና የቀረው ቃል በጩኸት ወጣ፤ «ስለት ገብቼብህ ነበር!»

ጆንያቸውን ይዘው ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩን።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጉልበትህን ሲያምህ ደነገጥኩ» አለኝ። «ዘግይቶ የተሰማ ስለት መስሎኝ ንስሐ ገባሁ።»

አፍሬ ልወጣ ስል ግን አንድ ነገር አላስችል አለኝ። «እውነቱን ንገረኝ፤ ከሦስታችን ማን ይበልጣል?»

«እኔ ነኛ!» አለና ሞተሩን አስነሳ።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሆነ፤ ሰበታ ከቡራዩ ለዋንጫ። በጭነት መኪና ተጭነን እንጦጦን አልፈን ስንወርድ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ታጭዶ የተከመረው ሣር ሜዳውን ከቦ ነፋሱን እንኳ አልከለከለልንም። ዘበኛውም ጋቢያቸውን ተከናንበው አብረውን መጥተዋል። መምህሩ ያን ቀን እንደ ልቡ ተጫወተ። የሱሉልታ ሰዎች ወገን ስላልነበራቸው መጀመሪያ ዝም ብለው ያዩ ነበር፤ ኋላ ግን እሱ ኳስ በያዘ ቁጥር ይጮሁ ጀመር። ያን ጩኸት አውቀዋለሁ። የእኔ ነበር።

ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል እኛ በአንድ ነጥብ እየመራን ነበር። መምህሩ ኳሷን ከቀኝ በኩል ተቀበለ፣ አነጠረ፣ ዘለለ። እግሮቹን አይቻለሁ። እንከን አልነበረባቸውም። ኳሷ እጁን ለቃ ቀለበቱ ጋ ሳትደርስ ፊሽካዬን ነፋሁ። ኳሷ ገባች፤ እኔ እጄን አንስቼ «ኳስ ይዞ ተራምዷል!» አልኩ። ነጥቡ ተሰረዘ። ሰበታ ዋንጫውን ወሰደ።

የቡራዩ ልጆች ሊደበድቡኝ ሲመጡ የያዛቸው እሱ ነው። ከዚያ ላቡ እየወረደ ወደ እኔ መጣ፤ ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ጋሼ፣ የትኛው እግሬ ነው ያጠፋው? ይንገሩኝና ላርመው» አለኝ።

ፊቱ ላይ ተንኮል ፈለግሁ፤ አልነበረም።

«ግራህ» አልኩት።

«ግራዬ» አለ፤ ጎንበስ ብሎ ግራ እግሩን አየው። «እግዜር ይስጥልኝ።»

ስንመለስ መኪናው ላይ ሰዉ ሲጨፍር ዘበኛው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያዩኛል። «ማል ታቴ?» አሉኝ በመጨረሻ፤ ምን ሆንክ ማለታቸው ነው።

«ምን ሆንኩ?»

«እኔ ሕጉን አላውቅም። አንተን ግን አውቃለሁ። ሌላ ጊዜ አይተህ ነው የምትነፋው፤ ዛሬ ሳታይ ነፋህ።» ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ከቡራዩ ለጉዳይ የመጣ አንድ ሰው ማዘጋጃ ቤት ውስጥ አግኝቶኝ፣ «መምህራችንን ምን አስነካችሁት? በየቀኑ ግራ እግሬን አርማለሁ እያለ ሲዘል ይውላል፤ አሁን እኮ ከአሥር ሁለት አያገባም» አለኝ። የተሰማኝን ልደብቅ አልችልም። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ብዕሬን አንስቼ የጀመርኩትን ደብዳቤ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጨረስኩ። ደስታው እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ። ከዚያ ልጁ እግሩን እያየ ሲዘል ይታየኝ ጀመርና ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ በአዲስ አበባ በኩል ሁለት አውቶቡስ ቀያይሬ ቡራዩ ደረስኩ። ተማሪዎች ከምሳ ገና አልተመለሱም። መምህሩ ሜዳው ላይ ብቻውን ነበር፤ ግራ እግሩ የሚያርፍበትን ቦታ በአመድ አስምሮ፣ መስመሩን እያየ ይዘላል። ዓይኑ መሬት ላይ ስለሆነ ኳሷ ሰሌዳውን እንኳ ትስታለች። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«ጋሼ! ይኸው እያረምኩ ነው። እስኪ ይዩኝ፣ አሁንስ እንዴት ነው?»

«ግራ እግርህ ምንም አላጠፋም» አልኩት።

አልገባውም። «አሁን ማለትዎ ነው?»

«ያን ቀንም። አልተራመድክም። አይቻለሁ። የነፋሁት ቀንቼብህ ነው።»

ኳሷን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆመ። «በምኔ ነው የቀኑብኝ?» አለ። ከልቡ ነበር የጠየቀው፤ ይህም አበሳጨኝ። ምን እንዳለው እንኳ የማያውቅ ሰው ያን ያህል ነገር ይሰጠዋል?

«ስትወረውር ሰዉ ይቆምልሃል» አልኩት።

በጫማው አመዱን ገፈፈው፤ መስመሩ እስኪጠፋ ድረስ ደጋግሞ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ገዛ እግሬን ስጠላ ከረምኩ» አለ። ደወል ተደወለና ኳሷን ብብቱ ሥር አድርጎ ወደ ክፍል ገባ። ይቅርታ አድርጌልሃለሁ አላለም፤ እኔም በሩ ላይ ቆሜ ለመጠበቅ አፈርኩ።

በሳምንቱ የሦስቱ ከተሞች አስተባባሪዎች ሲሰበሰቡ ተነስቼ ያደረግሁትን ተናገርኩ። ፊሽካውን ተቀበሉኝ፣ ዋንጫው ለቡራዩ ተሰጠ። የሰበታ ሰው ይህን አልወደደውም። የማዘጋጃ ቤት ባልደረቦቼ ሳይቀሩ «ከተማህን ሸጥክ» እያሉ ወር ሙሉ ሰላምታ ነፈጉኝ። ባለቤቴ ግን ቤት ስገባ ነገሩን ሰምታ ኖሮ፣ «ሰውየው ያምራል ያልኩት እኮ ከአጥር ውጭ ሆኜ ነው፤ ቤቴ ያለኸው አንተ ነህ» አለችና ምሳዬን አቀረበች። በላሁ። ዘበኛው በማግስቱ ጠዋት በትምህርት ቤቱ በር ሳልፍ እንደ ድሮው «አካም ቡልቴ» ብለው እንዴት አደርክ አሉኝ። ከሁለታችን ማን እንደሚበልጥ ከዚያ በኋላ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ መልሱን ስለማውቀው።

የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ መምህሩ አዲስ አበባ ላለ ትልቅ ቡድን ተመረጠ። ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው ሰበታ ድረስ መጣ። ሊሰናበተኝ መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ቅጣት ምት አልችልም» አለኝ። «ቆሜ ስወረውር እጄ ይንቀጠቀጣል። እርስዎ በሁለት እጅ አይስቱም ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። ቢያሳዩኝ።»

ማን እንደነገረው ጠየቅሁ። ዘበኛው ናቸው።

ሜዳ ገባን። ጉልበቴ እየተንቋቋ ከመስመሩ ላይ አሥር ወረወርኩ፤ ዘጠኙ ገባ። እሱ አራት አገባ። ለአንድ ሰዓት ያህል አያያዙን፣ የጣቱን አከፋፈት፣ የጉልበቱን አሰባበር አስተማርኩት። ፈጥኖ ይማራል፤ ሳይመሽ ሰባት ደርሷል። እጄን ስሞ ሄደ። ኋላ ለአገር ተሰለፈ ሲባል ሰማሁ። ሰው ስለሱ ሲያወራ ከጎን ሆኜ «የቅጣት ምቱ የእኔ ነው» እላለሁ፤ አያምኑኝም።

ያን ቀን ግን አንድ ነገር አልነገርኩትም። ከመወርወሬ በፊት ትንፋሼን ሙሉ በሙሉ አውጥቼ እጨርሳለሁ፤ ኳሷን የምለቀው ሳንባዬ ባዶ ሲሆን ነው። እጅ የሚረጋው ያኔ ነው። እሱ አየር ስቦ፣ ደረቱን ነፍቶ ሲወረውር አይቻለሁ። አንደበቴ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። እስካሁንም አልነገርኩትም።