ድንጋይ ተሸክሜ የሄድኩበት ገና

ትናንት ከውድማ ስመለስ ሚስቴ የሺ የጎረቤት ጥጃ ከጓሮ ስታባርር ደረስኩ። በእጇ የያዘችውን አየሁ። የገና ዱላዬ! ያ ጫፉ የጎበጠ ወይራ፣ ስንቱን ጎበዝ ያስለቀሰ ዱላ፣ የጥጃ ማባረሪያ ሆኖ ቀረ።

«አንቺ፣ ይኸ እኮ ሙክት የተሸለመ ዱላ ነው!»

«ሙክቱን የበላው ማን ሆነና?» ብላ ስቃብኝ ገባች።

እውነቷን ነው። ከመጀመሪያው ላውራችሁ። ትምህርቴ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ የቀረ ነው፤ ጽሑፌ ቢጎብጥ አትፍረዱብኝ፣ እጄ የለመደው የጎበጠ ነገር ነው።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በእኛ በእስቴ ታኅሣሥ ሲገባ ገብሱ ይታጨዳል፤ ጠዋት ጠዋት ሜዳው በውርጭ ይነጣል፤ ጥንጓ፣ ያቺ የእንጨት ኳስ፣ በዚያ ሳር ላይ ስትመታ እንደ ጥይት ትንሸራተታለች። ያን ዓመት እኔን የሚያቆም ሰው አልተፈጠረም። እኛ የታች አምባ ልጆች የላይ አምባን ልጆች ሦስት ጊዜ ገጠምን፤ ሦስቱንም ጊዜ ጥንጓን ከወሰናቸው ያሳለፍኩ እኔ ነኝ። አንዴማ አምስት ሰው አልፌ ነው። የሺ ሁለት ነው ትላለች፤ እሷ ግን ያን ጊዜ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር። ከወገዳ ድረስ ሰው ሊያየኝ መጣ። ጭቃ ሹሙም፣ «በገና ቀን ለሚበልጠው ሙክት እሰጣለሁ» አሉ።

ሙክቱን ፈልጌዋለሁ። የሺን ግን የበለጠ ፈልጌያታለሁ። በጥምቀት ማግስት አባቴ ሽማግሌ ሊልክልኝ ቃል ገብቷል። ችግሩ፣ የላይ አምባን ወሰን የሚጠብቁት የየሺ አባት አያ ደምሌ ናቸው። ሃምሳ ዓመት አልፏቸው እንኳ ሜዳው ላይ እንደ ግንድ ይገተሩ ነበር።

በገና ሜዳ ጌታና ሎሌ የለም። ቢመቱህም፣ ቢሰድቡህም ቂም አትይዝም፤ የያዘ ሰው መሳቂያ ነው።

የገና ዕለት ፆሙን ፈስከን፣ ሆዳችን በዶሮ ወጥ ሞልቶ ወጣን። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጥንጓ ለእኔ ደረሰች። ከፊቴ የቀሩት አያ ደምሌ ብቻ ናቸው።

«ና፣ አንተ የታች አምባ ፍልፈል!»

«ዞር በል፣ አንተ ሽማግሌ!» አልኩ። በሌላ ቀን ብል ኖሮ ምላሴ አይተርፍም።

ዱላዬን ሰነዘርኩ። ጥንጓም አለፈች፣ የአያ ደምሌ ቅልጥምም ቋ አለ። ወደቁ። እኔን በትከሻ አነሡኝ፤ እኔም ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ግጥም አወረድኩ፦

አያ ደምሌ ወድቋል ከሜዳው መሐል፣
ልጁን ካልሰጠን ማን ያነሣዋል?

ሰው ሁሉ ተቀበለኝ። የሺ ነጠላዋን ጥላ ወደ አባቷ ስትሮጥ አየሁ። እሳቸው አልሳቁም፣ አልተቆጡም። እግራቸውን ይዘው አዩኝ።

ሙክቴን እየጎተትኩ ቤት ስገባ አባቴ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«እግሩን ለሰበርከው ሰው ነው ሽማግሌ የምልከው?»

«ገና ነው እኮ! አይቆጡም።»

«አይቆጣም። ልጁን ለመከልከል ግን መቆጣት አያስፈልገውም።»

ሦስት ቀን እህል አልበላ አለኝ። በአራተኛው፣ በዳይ እንደሚያደርገው ትልቅ ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁ። አያ ደምሌ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ወጌሻ እግራቸውን በቀርከሃ አስሮታል።

«ምንድን ነው የተሸከምከው?»

«ይቅር ይበሉኝ ብዬ ነው፣ አያ።»

ያን ጊዜ ተቆጡ! «ለገና ጨዋታ ድንጋይ? ደምሌ በገና ቂም ያዘ ብለህ አገር ልታስቅብኝ ነው? አውርድ! ሰው ሳያይህ አውርድ!»

በራፉ ላይ ጣልኩት። ሰብሬያቸው ያልተቀየሙት ሰውዬ ይቅርታ ስጠይቃቸው ተቀየሙ! ከጓዳ የሺ አፏን አፍና ስትስቅ ይሰማኛል።

እግራቸውን አመቻችተው፣ «ወጌሻው መረቅ ጠጣ ብሎኛል። ያ ሙክት ሰብቷል?» አሉ።

«ጮማ ነው፣ አያ።»

«ገብሴም ውድማ ላይ ቀርቷል። ማን ያነሣዋል ብለህ ዘፍነህ የለ? አንተ አንሣው።»

ሽልማቴ መረቅ ሆነ፤ ለእኔ አንዲት አጥንት አልደረሰችኝም። ይህን ሰምቶ አባቴ የላካቸው ሽማግሌዎች በጥምቀት ማግስት ሲደርሱ፣ በአያ ደምሌ በሬዎች ገብስ ሳበራይ አገኙኝ።

«ምን ልትጠይቁኝ መጣችሁ? ይኸ ቀድሟችሁ ገብቷል» አሏቸው አያ ደምሌ።

ዛሬ ያን የመሰለ ጨዋታዬን የሚያነሣ ሰው የለም። ድንጋዩን ግን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። አያ ደምሌ ወደ ሜዳው ዳር አስወስደውት፣ ገና በመጣ ቁጥር እሱ ላይ ተቀምጠው «ና፣ አንተ ፍልፈል!» ይሉኛል። ሰው የማይቀየምበት ቀን በዓመት አንድ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ለእኔ ግን አንዷም በቅታኛለች።

ዱላዬን ከየሺ ተቀብዬ ቅቤ ቀባሁት። ነገ ገና ነው። አማቴ ድንጋያቸው ላይ ሆነው እግራቸውን ወደ ሜዳው ይዘረጋሉ። እኔም ራቅ ብዬ አልፋለሁ፤ ዘንድሮ የምሰጣቸው ሙክት የለኝም።