ከዩኒፎርም ኪስ የተገኘው የእሳት እራት

የአባቴ አርባ ከወጣ በኋላ አዳማ ያለውን ቤቱን ሳጸዳ፣ የቆርቆሮ ሳጥኑን ስከፍት የናፍታሊን ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ዓለም ጤና ከተማ ወደነበረው የልጅነት ቤታችን መለሰኝ። ሳጥኑ እንደ ድሮው በክብሪት ቀፎ ተሞልቷል፤ በየቀፎው አንድ የደረቀ የእሳት እራት፣ በየክዳኑ የተያዘበት ቦታ በአባቴ የተንጋደደ ጽሕፈት።

አባቴ የግብርና ሠራተኛ ነበር። ጓሯችን ውስጥ እንጨት ላይ በሰቀለው ባልዲ የሴቷ እራት ጠረን ያለበት ትንሽ ጎማ አንጠልጥሎ፣ ጠረኑን አሽትተው የሚገቡትን ወንዶች ይቆጥራል፤ ከበዙ ተምች ሊመጣ ነውና ገበሬው መድኃኒት እንዲያዘጋጅ ይናገራል። የፊት ክንፉ ላይ የኩላሊት ቅርጽ ያለው ነጥብ፣ የኋላው ነጭ ሆኖ ጅማቱ ቡናማ ከሆነ ተምቹን የሚፈለፍለው እራት እሱ ነው እያለ ስላስተማረኝ፣ ፊደል ሳልጨርስ ክንፍ ማንበብ ለመድኩ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ግን ባልዲውን ባዩ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል። "ወላሂ፣ ትሉን ከየአገሩ የሚጠራብን ይህ ሰውዬ ነው" ሲሉ ቦኖው ጋ በጆሮዬ ሰማሁ። ልጃቸው ከድጃም ከአጠገቤ ተነስታ ሌላ ዴስክ ላይ ተቀመጠች። እኔም አባቴን ጠረጠርኩት፤ ጎማዋ እንደምትጠራቸው የነገረኝ ራሱ አይደል?

ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጀሪካን ላይ ቆሜ፣ ኩላሊት ያለባቸውን ከባልዲው ለቅሜ ሽንት ቤት ጣልኩ፤ እንዳይነቃብኝ ሌሎቹን ተውኩ። እራቶቹ ካልታዩ ማንም አባቴን አይጠላውም ብዬ ነበር። አንድ ቀን የትምህርት ቤት ደወል ሲደወልብኝ የለቀምኩትን ኪሴ ከትቼ ሮጥኩ።

አባቴ ባልዲውን አይቶ ዘንድሮ ሰላም ነው ብሎ ለገበሬው ተናገረ። ብዙም ሳይቆይ ተምቹ የእትዬ ዘይነባን በቆሎ አገዳው እስኪቀር በላው፤ አጠገቡ ያለውን ሽንኩርት ንክች አላደረገም። ሰውም "ትሉን ጠርቶ ሲያበቃ ሰላም ነው አለን" ብሎ አባቴን ሰላምታ ነሳው። ገበያ ሲገባ ወሬ ይቆማል። ዓመት ሳይሞላ ዕቃችንን ጭነን አዳማ ገባን።

እኔ ትንፍሽ አላልኩም። አባቴ ባየኝ ቁጥር ያውቅ ይሆን እያልኩ ስጠረጥር አረጀሁ።

ከሳጥኑ ግርጌ ያወጣሁት የመጨረሻው ቀፎ ውስጥ አንድ የተጨማደደ እራት አለ፤ የኩላሊቱ ነጥብ ዛሬም ይታያል። ክዳኑ ላይ "ዓለም ጤና፣ ከልጄ የዩኒፎርም ኪስ" ይላል።

ያ ሁሉ ሰው ሲጠረጥረው ይህንን አውጥቶ ማሳየት ይችል ነበር። አላሳየም፤ እኔንም አንድ ቀን አልጠየቀኝም። አሁን ልንገርህ ብልም የሚሰማኝ የለም።